ገዢ ሁሉ አይቶ ይሄዳል፣ ደግሞ አይመለስም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ስለ ቤት ሽያጭ የጻፋችሁልን ብዙ ናችሁ። ስለ ካርታ፣ ስለ ስም ዝውውርና ስለ ደላላ ኮሚሽን የጠየቃችሁትን ለሌላ ዕትም አቆይተነዋል። ዛሬ የምናነሳው ሰው አፉን ሞልቶ ለመናገር የሚያፍርበትን ነው፤ ሽታን። ስም አንጠራም፣ የከተማችሁን ስም ብቻ እንጽፋለን። ደብዳቤዎቹንም ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት ልንሸጥ ነው። ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው፣ እስከ መጨረሻው ድረስም በኩበት ነበር የምታበስለው። ገዢዎች ይመጣሉ፣ ግቢውን ይወዱታል፣ ሳሎን ሲገቡ ፊታቸው ይለወጣል። “እንደውላለን” ይላሉ፣ አይደውሉም። ደላላው ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ “ቤቱ ይሸታል” አለን። እኔ ምንም አይሸተኝም። ወንድሜም አይሸተውም። ደላላው ዋጋ ሊያስቀንሰን ነው ወይስ እውነቱን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ደላላውን ግን አትጠርጥሪው። ደላላ ዋጋ ማስቀነስ ሲፈልግ “ገበያው ቀዝቅዟል” ይላል፣ “መንገዱ አይመችም” ይላል። የሟች ቤት ይሸታል ማለት ለእሱም ቀላል አልነበረም፤ ዙሪያ ጥምጥም የሄደው ለዚያ ነው።

አንቺና ወንድምሽ የማይሸታችሁ በሌላ ምክንያት ነው። የአፍንጫ ዋና ሥራው አዲስ የመጣን ነገር ማስታወቅ ነው። የሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚለዩ ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች አሉ። የእነዚህን ተቀባዮች ጂኖች ያገኙት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲመጣ ግን ተቀባዮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማሉ፣ አንጎልም የለመደውን ነገር ችላ ይለዋል። ስለዚህ ገዢው በር ላይ የሸተተው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ለምትጠብቀው ለአንቺ አይሸትሽም። ያደግሽበት ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራሽ ሌላ አፍንጫ መዋስ ነው። ዘመድ አይሁን። ጎረቤትም አይሁን፣ እነሱም በኩበት ያበስሉ ይሆናል። ከሌላ ከተማ የመጣ የሥራ ባልደረባ ካለሽ እሱን ጋብዢው። አጠያየቅሽም ወሳኝ ነው፤ በእኛ አገር “ቤቴ ይሸታል እንዴ?” ተብሎ የተጠየቀ እንግዳ “ኧረ በስመ አብ፣ ምን በወጣው!” ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው? እንዲህ በይው፦ “ቤቱን ልንሸጥ ነው፣ ከበሩ ጀምረህ የሚሸትህን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረኝ።” የምትፈልጊው የመጀመሪያውን ደቂቃ መልስ ነው። ሰውየው ተቀምጦ ቡና ከጠጣ በኋላ እሱም እንዳንቺ ሆኗል።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። ጭስ የሸተተው ገዢ በሆዱ ሒሳብ ይጀምራል። ኮርኒሱ ተበላሽቶ ይሆን? ግድግዳውን ለማስቀባት ስንት ሊጠይቁኝ ነው? ልጄ አስም አለበት፣ እዚህ ቤት እንዴት ያድራል? ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ወጪ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰው የማያውቀውን ወጪ አብዝቶ ነው የሚገምተው። ዋጋ ሳይከራከር የሚሄደውም ለዚያ ነው። የሚከራከር ገዢ ተስፋ አለው። ዝም ብሎ “እደውላለሁ” ያለውን እርሺው።

የእናንተ ቤት ሽታ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ መገመት አያቅትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ብርዱን ለአንቺ አልነግርሽም። ሰው ብርድ ሲፈራ መስኮት አይከፍትም። ኩበት ደግሞ ከደረቅ እንጨት የበለጠ ይጨሳል፣ ጭሱም ዝፍት መሰል ቅባት ተሸክሞ ይወጣና ቀዝቃዛው ኮርኒስና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ምድጃው ከጠፋ ወራት ቢሆነው እንኳ ቤቱ ተዘግቶ ሲሞቅ ወይም አየሩ ሲረጥብ ሽታው መልሶ ይወጣል። እናትሽ ቤቷን በንጽሕና አልያዘችም ማለት አይደለም እንግዲህ። ለማንም የማይቀር ነገር ነው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጨርቅ የሆነውን ሁሉ አውጡ፦ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ የሶፋ ልብስ፣ ቁም ሣጥን ላይ የተደራረበውን ብርድ ልብስ። የሚታጠበው ይታጠብ፣ የማይታጠበው ፀሐይ ላይ ይዋል። አሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ግን አትልፉበት፣ የጠጣውን ጭስ አይለቅም፣ ገዢ ሳይመጣ ከቤት ይውጣ።

ቀጥሎ ቀና ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ከሆነ አውርዳችሁ ጣሉት፣ ለማጠብ አትድከሙ። ከሁሉም ወጪ ይህ ነው የሚክሰው ባይ ነኝ፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭሱ ከግድግዳው የበለጠ የሚከማቸው እዚያ ነው፣ ሰው ግን ግድግዳውን አስቀብቶ ኮርኒሱን እንዳለ ይተውና “ቀለም ቀብተንም ይሸታል” ይላል።

ግድግዳውን በቀጥታ እንዳታስቀቡ። በጥቀርሻ ላይ የተቀባ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሽታውም ሰንብቶ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ጥቀርሻውን በደረቅ መጥረጊያ አራግፉ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡ፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየወጣችሁ (ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ጥቁር ውሃ ደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር ይሠራል፣ ያ መስመር ደግሞ በቀላሉ አይለቅም)። በደንብ ሲደርቅ አንድ እጅ የዘይት ቀለም ከሥር ይግባ፣ የውሃው ቀለም በላዩ ይምጣ። የዘይቱ ቀለም ጥቀርሻውን ከሥሩ አፍኖ ይይዘዋል። ግድግዳው የጭቃ ምርጊት ከሆነ ግን ውሃ አታስነኩት። የላዩን ፍቃችሁ በአዲስ ጭቃና ጭድ መመረግ ነው፣ ሲደርቅ ኖራ ቀቡት።

ጠላው የራሱ ጉዳይ አለው። የጥንስስ ሽታ ብዙ ሰው አይጠላውም፣ እኔም አልጠላውም። ችግሩ አተላ ነው። ለዓመታት አተላ የፈሰሰበት ወለል በክረምት ኮምጠጥ ብሎ ይሸታል። ወለሉ አፈር ከሆነ የላዩን አንሥታችሁ ሌላ አፈር ደልድሉ። ሲሚንቶ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሶዳ ፈትጋችሁ ስንጥቁን ድፈኑ፣ አተላው የተደበቀው ስንጥቁ ውስጥ ነው። ጋኖቹም ከቤት ይውጡ። ሽጡ አላልኩም፤ የእናት ጋን አይሸጥም፣ ለጊዜው ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ሳሎኑን ሴራሚክ ለማድረግ አስባችሁ ከሆነ ተዉት። ገዢው የራሱን ምርጫ ያደርጋል። በተረፈ ሥራው ካለቀ በኋላ ቀን ቀን ነፋስ ሲኖር ፊትና ኋላ ያለውን በርና መስኮት ከፍታችሁ አስመቱት፣ ከዚያ ያን የተዋሳችሁትን አፍንጫ መልሳችሁ ጥሩት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ያለው ቤቴ ተከራይ ከወጣ ጀምሮ ባዶ ነው። እኔ የምኖረው ሌላ ከተማ ነው። አስጠርጌ፣ ቀለም አስቀብቼ ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ። ግን በሩን ስከፍት የሽንት ቤት ሽታ ይቀበለኛል። ሴፕቲክ ታንኩን አስመጠጥኩ፣ አልተለወጠም። ጡረተኛ ነኝ፣ ከዚህ በላይ ማውጣት አልችልም። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሳያወጡ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ይሞክሩ። ከእጅ መታጠቢያው፣ ከሻወሩና ከወለሉ ማፍሰሻ ሥር ጎበጥ ያለ ቱቦ አለ፤ ቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን ይሉታል። ጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ ነው ከፍሳሹ መስመር የሚመጣውን ጋዝ የሚዘጋው። ቤት ሰው ሳይኖርበት ሲቀር ውሃው ተንኖ ያልቃል፣ ጋዙም ቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ነው፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ የሚቆየው ውሃ እዚያ ቶሎ ይደርቃል።

በእያንዳንዱ ማፍሰሻ ውሃ ያፍስሱ፣ ሽንት ቤቱንም ይልቀቁት። በመጨረሻ ከላይ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና እንዳይተን ያዘገየዋል። ቤቱን የሚጠብቅልዎት ሰው ካለ በየጊዜው ውሃ ማፍሰስ እንዲለምድ ይንገሩት፣ ደላላውም ገዢ ከማምጣቱ አንድ ቀን በፊት መስኮት ይክፈት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከሸተተ ሁለት ነገር ያስዩ። አንደኛው የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፣ ሲነቃነቅ ጋዝ ያስገባል። ሁለተኛው ወደ ጣራ የሚወጣው የአየር ቱቦ ነው፣ የወፍ ጎጆ ወይም ቅጠል ሊዘጋው ይችላል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን የለውም፣ ይህን ያደረገው ሠራተኛ አሁን የት ይገኛል!

አንድ ማሳሰቢያ። ማንንም ሰው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ገብቶ እንዲያይ አያድርጉ። እዚያ የሚጠራቀመው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ጨርሶ እንዳይሸተው ያደርጋል፣ ሰውየው “አሁን ጠፋ” ሲል ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም አብሮት ይሞታል።

ጥያቄ፦ እኔ የመሐል ሜዳ ሰው ነኝ። ቤቴን ሊያይ የመጣ አንድ ሠራተኛ “በግ በግ ይሸታል” ብሎ ሄደ። በመንዝ በግ የማይሸት ቤት የት ሊያገኝ ነው? በጎቼ ከቤቱ ጎን ካለው ጋጣ ያድራሉ፣ ቆዳውንም ሱፉንም ጓዳ አስቀምጣለሁ። ይሄ ነውር ነው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ኧረ ምን ነውር አለው! የመንዝ በግ በዝርያ ስሙ ተጽፎ የሚጠና በግ ነው፣ ባናውም ዝተቱም ከእሱ ሱፍ ነው የሚወጣው። ጥያቄው ቤቱን ለማን ሊሸጡ ነው የሚለው ነው። የአካባቢው ገበሬ ወይም ነጋዴ ከሆነ ጋጣውን አይቶ ደስ ይለዋል፣ ቤቱ ከብት ማሳደሪያ አለው ማለት ነው። ለሥራ ተመድቦ የመጣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ከሆነ ግን ጋጣው ለእሱ የሚያፈርሰው ነገር ነው። ደላላዎን “ምን ዓይነት ገዢ ነው የምታመጣው?” ብለው አስቀድመው ይጠይቁት፣ ልፋትዎም በዚያ ልክ ይሁን።

ሁለቱም ገዢዎች የማይወዱት አንድ ሽታ ግን አለ። ዓይን የሚቆጠቁጠው የሽንት ሽታ ነው። በበጎቹ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲሰባብረው አሞኒያ ይወጣል። ጋጣው በረጠበ ቁጥር ይብሳል። ብዙ ሰው ሽታ ለማጥፋት አመድ ይበትናል። አይበትኑ። አመድም ኖራም እርጥብ ሽንት ላይ ሲያርፉ አሞኒያውን ይባስ ያስወጡታል። እርጥቡን ጉዝጓዝ ዛቅ አድርገው ያውጡና ደረቅ ገለባ ይተኩበት። ከጋጣው ወደ ቤቱ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ይመረግ፣ በውጪው በኩል ከላይ አየር ማስወጫ ይከፈት።

ቆዳውን ይሽጡት። በደንብ ጨው ያልነካው ቆዳ እየሰነበተ ነው የሚብሰው፣ ዋጋውም እየወረደ ይሄዳል። ያልታጠበ ሱፍም ቅባት አለው፣ እርጥበትም ይስባል። ይታጠብ፣ ወይ ለሸማኔ ይሰጥ። አንድ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነ ጎጆ ግቢ ውስጥ ካለዎት ግን አይንኩት። የጓሳው ጭስ ጭስ ማለት ለገዢ የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ እንዲያውም ከከተማ የመጣው ፎቶ ይነሣበታል።

ጥያቄ፦ ደላላዬ “ገዢ ሲመጣ ቡና ቁይ፣ እጣን አጫጭሺ፣ ቤቱ ይሞቃል” ይለኛል። ቤቴ ደብረ ሲና ዳገቱ ላይ ነው፣ የኋላው ግድግዳ በክረምት ይረጥባል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። እጣኑ ያንን ይሸፍናል ነው የሚለው። ሰው ማታለል አይሆንብኝም? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው፣ ለየብቻ እንያቸው።

ቡናው ምንም ችግር የለውም። ሰው ቤትሽ መጥቶ ቡና ሳይቀርብለት ሲሄድ ነው የሚገርመው። ቡና ሲቆላ አብዛኛው ሰው የራሱን ቤት ያስባል፣ ገዢም ቢሆን ትንሽ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ገዢ ደግሞ ይጠይቃል። እጣኑን ግን ቀንሺ። አንዲት ፍሬ ይበቃል። ቤቱ በጭስ ታፍኖ ያገኘው ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው “ምን ሊደብቁኝ ነው?” የሚል ነው። አስም ያለበት ከሆነ ደግሞ ሳያይሽ ይወጣል።

ደስ የሚል ጥናት አለ። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ስፓንገንበርግና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ሳንክት ጋለን ከተማ፣ የቤት ማስጌጫ ዕቃ በሚሸጥ መደብር ውስጥ ሽታ እየለዋወጡ የደንበኞችን ወጪ መዘገቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። የብርቱካን ሽታ ብቻ በነበረበት ጊዜ ደንበኞች በአማካይ 20 በመቶ የበለጠ አወጡ። ብርቱካኑ ከበሶብላና ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ሲደባለቅ ግን ጥቅሙ ጠፋ። ተመራማሪዎቹ ያሉት፣ አንጎል የተደባለቀን ሽታ ለመፍታት ሲደክም ከሚያየው ነገር ሐሳቡ ይከፈላል ነው። ያ መደብር ነው፣ ያንቺ ቤት ነው፤ በዋጋው ላይ 20 በመቶ ልጨምር እንዳትይ! ግን ቡና፣ እጣን፣ ሰንደል፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ስፕሬይና አዲስ ቀለም አንድ ላይ ሲሆኑ ለምን ራስ እንደሚያዞሩ ይነግርሻል። አንዱን ምረጪ። ከሰሉን ደግሞ በር ዘግተሽ አታቆዪው፣ የከሰል ጭስ የማይሸት መርዝ አለው፣ ገዢ እዚያው ራሱን ስቶ እንዳይወድቅብሽ።

አሁን ግድግዳው። እሱን በእጣን መሸፈን አይሆንም፣ ደላላሽም ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ሻጋታ እርጥበት እስካለ ድረስ ይመለሳል። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርደውን ጉም የደብረ ሲና ሰው ያውቀዋል፣ ግን ጉሙ ብቻውን አንድ ግድግዳ መርጦ አያረጥብም። ዳገት ተቆፍሮ የተሠራ ቤት ከሆነ አፈሩ የኋላ ግድግዳሽ ላይ ተደግፏል ማለት ነው፣ የክረምቱ ውሃ በአፈሩ ውስጥ ወርዶ ወደ ግድግዳው ይገባል። አፈሩን ከግድግዳው አርቀሽ አስቆፍሪ፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይሠራ፣ የጣራው አሸንዳም ወደዚያ እንዳያፈስ አዙሪው። ቀለም ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ግድግዳው በበጋ ሲደርቅ። ሻጋታውን ስትፈትጊ አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ለማስጠገን አቅም ከሌለሽ ለገዢው ንገሪው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ እያወቀ በማታለል የደበቀው ጉድለት ካለ “ኃላፊነት የለብኝም” ብሎ ውሉ ላይ ማስጻፉ አያድነውም ይላል። ሕጉን ትተን በተግባር ስናየው ደግሞ፣ “የኋላው ግድግዳ በክረምት ይረጥባል፣ ቦዩን ለመሥራት ይህን ያህል ጠይቀውኛል” ብላ ከምትነግረው ሻጭ ጋር ገዢ በዚያችው ገንዘብ ነው የሚከራከረው። ራሱ አሽትቶ ካገኘው ግን ስለ መሠረቱም፣ ስለ ጣራውም፣ ስለ ካርታሽም መጠራጠር ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሻጭ ብቻ ነው መሰለኝ። እኔ ገዢ ነኝ። የማየው ቤት በሄድኩ ቁጥር እጣን ይጨሳል፣ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ምን ላድርግ? (ከጫጫ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ጋ ሂድና እጅህን ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ አሳርፍበት። ከሌሎቹ ይልቅ ከቀዘቀዘህ ወይም ቀለሙ አረፋ ካወጣ መልስህን አገኘህ። ቤቱን በጠዋት እንዲያሳዩህ ጠይቅ፣ ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ ቤት ነው እውነቱን የሚናገረው። ከዝናብ ማግስት ከሆነ የተሻለ ነው። ቡና ከመጠጣትህ በፊት ቁም ሣጥኑን ክፈት፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ በል፣ አልጋው የተጠጋበትን ጥግ እይ። አፍንጫህ ሲለምድ ወደ ግቢ ውጣና ትንሽ ቆይተህ ተመለስ።

ሻጩን “ምን ደበቅክ?” ብለህ አትጋፈጠው። “ይህ ግድግዳ ለምን ለብቻው ተቀባ?” በቂ ነው። ጎረቤትም ጠይቅ፣ ጎረቤት ስለ ሰው ቤት እርጥበት የማያውቀው ነገር የለም። ሽታው ስላለ ብቻ ግን ቤቱን አትተው። ጭስና ጠላ የሸተተው ቤት ግድግዳውና ጣራው ጤነኛ ከሆነ፣ ሌላው ገዢ ሸሽቶት ስለሄደ በጥሩ ዋጋ ልታገኘው ትችላለህ። (የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ይህን እንዳታነቢብኝ።)

በአጭሩ፦

“ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ያጨሳል፣ ቤቱ እስኪሸጥ ምን ላድርግ?” ላልሽን የደብረ ብርሃን እህታችን፦ ከዛሬ ጀምሮ ግቢ ወጥቶ ያጭስ፣ ብርድ ነው ቢልሽም። መጋረጃው ይታጠብ፣ ግድግዳው ለኩበቱ ጭስ ከላይ እንደተባለው ይታጠብና ይቀባ። የሲጋራ ቅሪት ግድግዳ ላይ እያለ መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

“ቁም ሣጥኑ እንዳይሸት ናፍታሊን ሞልቼበታለሁ” ላሉን እናት፦ ያውጡት እማማ። የናፍታሊን ትነት ለሕፃናት ጥሩ አይደለም፣ ገዢም ሲከፍተው የሟች ልብስ ያለበት ይመስለዋል።

“ድመቷ ሳሎን ጥግ ላይ ሸንታብናለች፣ በበረኪና ብናጥበው እየባሰበት ሄደ” ላላችሁን የእነዋሪ ቤተሰብ፦ በረኪናውን አሁኑኑ አቁሙ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ጋርም አትቀላቅሉት፣ ያኛውም መርዝ ነው። ቦታውን በብዙ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። በሌላ ቀን፣ በረኪናው ጨርሶ ሲለቅ፣ ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ አፍስሱበት፣ ሲደርቅ ሶዳ ነስንሱና በማግስቱ ጥረጉት። የድመት ሽንት ውስጥ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው ዩሪክ አሲድ ስላለ አንዴ ላይበቃው ይችላል፣ ድገሙት። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ ከሆነ ጣሉት። ድመቷ ደግሞ ሽታውን ተከትላ እዚያው ነው የምትመለሰው፣ ስለዚህ ቤቱ እስኪሸጥ አያት ቤት ትክረም።